ሁለት ሙሽራ ፊት ለፊት የማይተያዩበት መንገድ

ከጉና ሥር፣ በደብረ ታቦር በኩል
ጥቅምት 19 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሙላቴ ጓንጉል፣ ኪየቭ።

ሰላምታውን ላሳጥረው፦ ደህና ነኝ። ጥርስ ሁለት ቀርቶኛል፣ ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ይሳደባል፣ ሌላው ሙሉ ነው። የዚያ አገር ብርድ ከጉና ይብሳል ብለህ የጻፍከውን አላመንኩም። ጉና ላይ ያላደረ ሰው ነው ብርድ አየሁ የሚል።

ይህን የሚጽፍልኝ እንደ ወትሮው መሪጌታ ገሰሰ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። አርባ ዓመት በቅሎ ጭኜ ከጋይንት እስከ ጎንደር ስመላለስ አንድም መንገድ ስሙን ጽፎ አላሳየኝም፣ አንድም ቀን አልጠፋሁም።

(ጸሓፊው፦ እስቴ ላይ አንድ ጊዜ ጠፍቷል።)

እሱ የሚጨምረውን አትስማ።

ደብዳቤህ የደረሰችኝ በመስቀል ማግስት ነው። አስተማሪያችሁ «በየአገራችሁ ካሉት የመንገድ መገናኛዎች የምትወዱትን ጻፉ፣ ለምን እንዳማራችሁም ተናገሩ» ማለቱን ወደድኩለት። ሰውዬው መንገድ ያውቃል። አንተ ግን «አባዬ፣ ለመሆኑ እኛ አገር ምን መገናኛ አለ?» ማለትህን አልወደድኩትም። በበቅሎ ጀርባ አሳድጌህ ይህን ትለኛለህ?

ስለ ከተማችሁ መንገድ ያልከውን ገሰሰ ሦስት ጊዜ አነበበልኝ። አንዱ መንገድ በሌላው ላይ ድልድይ ሆኖ ያልፋል፣ መታጠፍ የፈለገ በክብ ዞሮ ይወርዳል፣ አንዱ መኪና ሌላውን ቆሞ አይጠብቅም፣ ከላይ ሲታይ አራት ቅጠል ያላት ማገጥ ይመስላል ነው ያልከው። ማገጥ ሦስት ቅጠል ነው ያላት። የበጎቻችንን መኖ ረሳኸው? መስኮብ አራት ቅጠል ካበቀለ እኔ ምን ቸገረኝ። ነገሩ ግን ገብቶኛል። እንዲያውም ከገሰሰ ቀድሞ ነው የገባኝ፤ ሦስት ጊዜ ያነበበው ስላልገባው ነው።

እንግዲህ ጠይቀሃልና ስማ።

ወረታን ታውቀዋለህ። ከባሕር ዳር የመጣው ለጎንደርና ለደብረ ታቦር የሚለያይበት ነው። ሜዳ ስለሆነ የሚመጣውን ሰው ከሩቅ ታያለህ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መገናኛ ላይ ሰው ድንገት ሊመጣብህ አይገባም። ነገር ግን ጥላ የለውም፣ ክረምት ሲገባ ጭቃው በቅሎን እስከ ሆዷ ይውጣታል። ወረታን አከብረዋለሁ እንጂ አልወደውም።

ሐሙሲት ደግሞ የገበያ ዕለት መንገዱ ሁሉ አንድ ላይ ይደፋበታል። ፍየሉ፣ ጭነቱ፣ ሰካራሙ፣ አማቹን የሸሸው ሁሉ እዚያ ነው። ሰው ይወደዋል፤ የጠፋ ዘመድ የሚገኘው እዚያ ነውና። መንገደኛ ግን አይወደውም። መገናኛ ማለት ሰው ማገናኘት ብቻ ከመሰለህ ገና አልተማርክም። ጥሩ መገናኛ መገናኘት የሌለባቸውንም ያሳልፋል።

እኔ የምወደው ሙሽራ ማሳለፊያን ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት ስትወጣ የጉና ትከሻ ላይ ያለውን። የጋይንቱ መንገድ በድንጋይ ቀስት ላይ ያልፋል። ከጉና ወደ እስቴ የሚወርደው ደግሞ በቀስቱ ሥር፣ በደረቁ ወንዝ ያልፋል። ከላይ ያለው ከታች ያለውን አያየውም፤ ኮቴውን ብቻ ይሰማል። ከአንዱ ወደ ሌላው መግባት የፈለገ ጉብታውን ዞሮ በሰፊው ይወርዳል። በሰፊው ያልኩትን ጻፍ ገሰሰ፣ በሰፊው! ጭነት ያለው በቅሎ ጥግ፣ ድንገተኛ መታጠፊያ፣ አይወድም። ጥግ ላይ ካዞርከው ጭነቱ ወደ ገደል ያደላል፤ ጭነቱ ካደላ ጨውህን ወንዝ ጠጣው።

ከዚያ ወዲያ ዳር ላይ የሸክም ማሳረፊያ ድንጋይ አለ፣ በወገብ ልክ። ሸክሙን መሬት ያወረደ ሰው መልሶ የሚያሸክመው ይፈልጋል። በወገብ ልክ ያሳረፈ ግን የማንንም እጅ ሳይለምን ይነሣል። ያን ድንጋይ ያስቀመጠ ሰው ብቻውን ተጉዞ የሚያውቅ ሰው ነው።

ማን ሠራው ላልከው፣ ከድሮ የነበረ ነው።

(ጸሓፊው፦ ጻፍ ስላለኝ ጻፍኩት።)

አሁን የኔን ጉዳይ ስማ። ከመስከረም ወዲህ ቀያሾች መጥተዋል። በሦስት እግር የቆመ መነጽር ይዘው በአንድ ዓይናቸው እያዩ ራሱ ቀይ የተቀባ ችካል ይተክላሉ። አዲሱ የመኪና መንገድ ወደ ጋይንት ሊያልፍ ነው። ደግ፤ ይለፍ። ግን ችካሉ ቀጥ ብሎ መጣ፣ መጣና ቀስቱ ላይ ወጣ። አንዷን ቀስቱ አናት ላይ፣ በሁለት ድንጋይ መካከል ሰክተዋታል። ቀስቱን ሊያፈርሱት ነው። ሠላሳ ክንድ ዝቅ ቢሉ ምን ይጎድልባቸዋል? አንተ የመንገድ ተማሪ ነህ። ለአለቆቻቸው ጻፍና አስተዋቸው። በሕይወትህ ከለመንኩህ የመጀመሪያው ነው፤ ልመናም አይደለም።

አባትህ ጓንጉል አስረስ፣ በአውራ ጣቴ።


ኪየቭ
ታኅሣሥ 12 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለአባቴ ለአያ ጓንጉል አስረስ።

አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ መሳደቡን ትቶ ይሆን? መሪጌታ ገሰሰንና እነጌጤን ሰላም በሉልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ተከፍቶ፣ እንደገና ተለጥፎ ነው። ስለዚህ አንዳንዱን ነገር በአጭሩ ብመልስ አይቀየሙኝ።

የጠየቁኝን ማድረግ አልቻልኩም። ይቅር በሉኝ። እኔ ትምህርቱን ያልጨረስኩ ተማሪ ነኝ። ሌሎች ለክተው፣ ፈርመው ስላጸደቁት መንገድ ከዚህ ሆኜ ብጽፍ ቀስቱ አይተርፍም፤ የኔ ስም ግን በማይሆን ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ሦስት ቀን አሰብኩበት። በሦስቱም ቀን የእርስዎ ፊት ነበር የሚታየኝ።

ያደረግሁትን ግን ልንገርዎ። የነገሩኝን ሁሉ ተርጉሜ ክፍል ውስጥ አነበብኩት። ሙሽራ የሚያሳልፍ መንገድ ስል ሳቁ። ስለ ሸክም ማሳረፊያው ድንጋይ ሳነብ ግን ብዕራቸውን አነሡ። መምህሬ መነጽራቸውን አውልቀው «ሣለው» አሉኝ። ስንት ክንድ ይረዝማል? ስንት ክንድ ይሰፋል? ማዞሪያው ምን ያህል ነው? ልኩን ካልላኩልኝ መሣል አልችልም።

ደግሞም አባዬ፣ ከድሮ የነበረ የሚባል ቀስት የለም። ሰው ሳያቆመው አይቆምም። እማዬ በሕይወት ሳለች ስጠይቃት «አባትህን ጠይቅ» ብላ ትስቅ ነበር። እነሆ ጠየቅሁ።

ልጅዎ ሙላቴ


ከጉና ሥር
የካቲት 24 ቀን 1973 ዓ.ም.

ልጄ ሙላቴ፣

አልችልም ማለትህን ሰማሁ። ቅር አላለኝም።

(ጸሓፊው፦ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም።)

ጾም ነበር! ነነዌ ነበር፣ አንተ መሪጌታ ተብለህ ይህ ይጠፋሃል? በል ጻፍ።

ማን እንደሠራው እነግርሃለሁ። እስከ ዛሬ ያልነገርኩህ አፍሬበት አይደለም። ማንም ስላላስገደደኝ ነው። ጣልያን ሊገባ አራት ዓመት ሲቀረው፣ ጥር ሃያ ሦስት ቀን፣ እናትህን ዘነበችን ከጋይንት አምጥቼ ወደ ቤቴ ስመለስ ነው። ሃያ ሰው አጅቦኛል፣ እናትህ በዳማ በቅሎ ላይ ጥላ ዘርግታ ተቀምጣለች። በዚያው ቀን አንድ ሌላ ሰው ብዙነሽ የምትባል ሙሽራ ከጉና ይዞ ወደ እስቴ ይወርዳል። ያኔ ሁለቱ መንገዶች የሚተላለፉት በአንዲት ጠባብ የመንገድ አንገት ላይ ነበር፣ አንድ በቅሎ ብቻ የምታሳልፍ። እዚያች ላይ ግንባር ለግንባር ገጠምን።

እናንተ ከተማ የገባችሁ ረስታችሁት ይሆናል፤ ሙሽራ ከሙሽራ መንገድ ላይ ፊት ለፊት መተያየት የለባትም። ከተገናኙም መንገድ የለቀቀው ወገን ትዳሩ አይጠናም ይባላል። ስለዚህ ማን ይለቃል?

«ልቀቅ» አልኩት።

«አንተ ልቀቅ» አለኝ።

«እኔ የአስረስ ልጅ ነኝ!»

«እኔ የማንም ልጅ ብሆን ሚስቴ ከሚስትህ አታንስም!»

ያ ሰው አሁን ይህን የሚጽፈው ገሰሰ ነው።

(ጸሓፊው፦ አዎን፣ እኔ ነኝ። ጨዋ ቃል ነበር የተናገርኩት። እሱ የመለሰልኝን እዚህ ላይ ልጽፈው አልችልም፤ ዐቢይ ጾም ገብቷል።)

ከቀትር ጀምሮ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቆምን። ሚዜዎቹ ዱላ አነሡ። እኔም አነሣሁ። የገሰሰን ቀኝ እግር ሰበርኩት።

(ጸሓፊው፦ ግራውን። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው ስጎትተው፤ የቱ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።)

ግራውን ሰበርኩት። እኛ ስንፋለጥ ሙሽሮቹን ያያቸው የለም። የእናትህን በቅሎ የያዘው ሰው ልጓሙን ጥሎ ዱላ ሊያነሣ ሲሮጥ፣ በቅሎዋ ውሃ ጠምቷት ኖሮ፣ ያኔ ወንዙ ገና አልደረቀም፣ በገደሉ ሥር ወደ ወንዙ ወረደች። በጠባቧ የመንገድ አንገት ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ጠቡ ሲሄድ መንገዱ ባዶ ሆነ፤ ብዙነሽ ደግሞ በላይ በላዩን ተሻገረች። ዞር ስንል እናትህ ከታች፣ ከወንዙ ማዶ ጥላዋን እንደዘረጋች ተቀምጣለች። ብዙነሽ ከላይ፣ ከወዲያኛው ወገን ናት። ሁለቱም አልፈዋል። ፊት ለፊት አልተያዩም፣ ማንም ለማንም አልለቀቀም። እናትህ እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ምን አለች መሰለህ?

«ጨረሳችሁ?» አለች።

እስክትሞት ድረስ ከሰው ጋር በተጣላሁ ቁጥር ይህንኑ ቃል ነበር የምትለኝ። አሁን የሚለኝ ሰው የለም።

ሽማግሎች ተቀመጡብን። ፍርዱ እንዲህ ነው፦ መንገዱ ሙሽሮቹ እንዳለፉት ሆኖ ይሠራ፣ አንዱ በላይ አንዱ በሥር፤ የቱ በላይ እንደሚሆን ዳገቱ ይወስን። የሚሠሩትም ሁለቱ ባሎች ናቸው። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ምሳቸውን ከአንድ ገበታ ይብሉ። ድንጋዩን እችለዋለሁ። ከጠላኸው ሰው ጋር ሁለት በጋ ከአንድ ገበታ መብላት ግን ከእስር ይከፋል።

(ጸሓፊው፦ ወጡን ወደ ራሱ ይጎትት ነበር።)

ጋፋት ላይ ደምሴ የሚባል ግንበኛ ነበር፤ ቀስት እንዴት እንደሚቆም እሱ አሳየን። በእንጨት ታቆማለህ፣ ድንጋዩን ከግራና ከቀኝ እያሳደግህ ታመጣለህ፣ አናቱ ላይ አንዲት ድንጋይ የምትገባበት ክፍተት ይቀራል። «ይቺ ድንጋይ በራሷ ጉልበት የላትም» አለን ደምሴ። «የምትቆመው ሁለቱም ወገን ስለሚገፏት ነው።» እሷን ያስገባናት እኔና ገሰሰ አብረን ነን። እንጨቱ ሲነሣ ቀስቱ ቆመ። ያን ዕለት ገበታ ላይ ወጡን ወደ እሱ ገፋሁለት።

(ጸሓፊው፦ እውነት ነው።)

ልኩን ጠይቀሃል። እኛ በክንድ አልጀመርንም። እናትህን በቅሎ ላይ አስቀመጥናት፣ ጥላዋን አስዘረጋናት፣ ከጥላው ጫፍ አንድ ስንዝር ጨመርንና ያንን የቀስቱ ቁመት አደረግነው። ሙሽራ አጎንብሳ ወይ ጥላዋን አጥፋ የምታልፍበት መንገድ ምን መንገድ ነው? ስፋቱ ጭነት የያዙ ሁለት በቅሎዎች ሳይነካኩ ነው። አንተ ቁጥር ትፈልጋለህና ገሰሰ ሰሞኑን ሦስት ቀን እያነከሰ ተመላልሶ በገመድ ለክቶልሃል። ከታች በተራ ጽፎታል። በደንብ ሣለው፤ እግሩን ከፍሎበታል።

ስለ ችካሉ አትጨነቅ። ልጅ ያልቻለውን አባት ይችላል።

አባትህ ጓንጉል አስረስ፣ በአውራ ጣቴ።


ከጉና ሥር
ሚያዝያ 7 ቀን 1973 ዓ.ም.

ልጄ ሙላቴ፣

ጽሕፈቱ ቢለወጥብህ አትደንግጥ። የምትጽፍልኝ ጌጤ ናት፣ የገሰሰ ልጅ። ገሰሰ ሥራ በዝቶበታል።

እኔ ደህና ነኝ። ድንቹ ገብቷል። በጎቹ ከበልጉ ሣር ጠግበዋል። በጋይንት በኩል ዝናብ አለ ይላሉ። ጌጤም ደህና ናት፣ ልጆቿም ደህና ናቸው። ሌላ ወሬ የለም።

ቀያሾቹ ተመልሰው መጥተው ችካላቸው ቦታውን ስቶ አገኙት አሉ። ችካል እግር የለው፤ እንዴት እንደሳተ እኔ ምን አውቃለሁ። በግ አሻሽቶት ይሆናል። ስለዚህ ነገር የሚጠይቅህ ሰው ቢኖር አባቴ ምንም አልጻፈልኝም በል።

ትምህርትህን ተማር።

አባትህ ጓንጉል አስረስ፣ በአውራ ጣቴ።

ሙላቴ ወንድሜ፣ ከዚህ በታች ያለውን አያ ጓንጉል አላሉኝም። ጣታቸውን አኑረው፣ ጋቢያቸውን እያጣፉ ሳለ ነው የምጽፈው። እያዩኝ ነው። ሰላምታ የምጨምር መስሏቸዋል።

አባቴ ሥራ አልበዛበትም። ታስሯል። መጋቢት ሃያ ሰባት፣ መድኃኔዓለም፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ አባትህ ወደ ማሳለፊያው ሄደው አሥራ አንድ ችካል ነቅለው ሠላሳ ክንድ ዝቅ አድርገው ተከሉት። መንገዱ በችካሉ የሚሄድ መስሏቸው ነው። ቀያሾቹ በማግስቱ አወቁ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር «ይህ አሻጥር ነው፣ በአብዮቱ መንገድ ላይ የተሠራ አሻጥር ነው» ብሎ ተነሣ። ማን ነው ሲባል፣ ሰሞኑን ገመድ ይዞ ቀስቱን ሲለካ የታየ ሰው አለ ተባለ። አባቴ ነዋ። ለአንተ ሥዕል ሲለካ ነው ያዩት።

አባቴን ሲጠይቁት «እኔ ነኝ የነቀልኩት» አለ። ዘጠኝ ቀን ሆነው፣ በማኅበሩ የእህል ጎተራ ውስጥ ነው። ከፋሲካ በኋላ ለአውራጃ ይላካል ይባላል። ወደዚያ የሄደ እንዴት እንደሚመለስ አንተም ታውቃለህ።

አባትህ በየጠዋቱ ይመጣሉ። ደጃፋችን ላይ ትንሽ ተቀምጠው ይሄዳሉ። ትናንት ግን «ለመሆኑ ገሰሰ ለምን እኔ ነኝ አለ? ማን ጠየቀው?» አሉኝ። እኔም መረረኝና «አባባ፣ እንደ ያኔው ነው። ሁለታችሁ እዚያች አንገት ላይ ቆማችኋል። አንዳችሁ መልቀቅ አለባችሁ» አልኳቸው። ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ። ዛሬ መጥተው ያስጻፉኝ ይህን ስለ ድንችና ስለ በግ ነው።

ደብዳቤው ሲደርስህ ነገሩ አልፎ ይሆናል። ግን ለአንድ ሰው መናገር ነበረብኝ።

ጌጤ ገሰሰ


ከጉና ሥር
ሐምሌ 2 ቀን 1973 ዓ.ም.

ልጄ ሙላቴ፣

በመጀመሪያ፣ ጽሕፈቱን እየው። ገሰሰ ነው። ከስቷል እንጂ ምላሱ እንዳለች ናት።

ጌጤ ምን እንደጻፈችልህ አውቄያለሁ። ፊደል ባላውቅም ጣቴን ካነሣሁ በኋላ ብዕር ገጽ ሙሉ ሲቧጥጥ ጆሮዬ ይሰማል። ሰላምታ እንደዚያ አይረዝምም። ዝም ያልኳት እኔ ለመናገር ያልቻልኩትን እሷ እንድትናገር ነው። ያንተ «አባዬ፣ እባክዎን ይልቀቁ» የምትል ደብዳቤ የደረሰችው ነገሩ ካለቀ ከወር በኋላ ነው። ቀድማ ብትደርስም አልሰማህም ነበር። ያደረግሁት በራሴ ነው።

በሆሳዕና ማግስት ጋቢዬን ለብሼ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ገባሁ። ሊቀመንበሩ ተቀምጧል፣ የቀያሾቹ አለቃ ኢንጂነርም አጠገቡ አለ። ጉና ላይ የፀሐይ ቆብ አድርጎ የሚዞር ቀጭን ልጅ ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ችካሉን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ገሰሰን ፍታው» አልኩት።

ገሰሰን አስጠሩት። ከጎተራው ገለባ በገለባ ሆኖ ወጣና ገና በሩ ላይ ሳለ «ውሸቱን ነው! እኔ ነኝ!» አለ።

«አንተ በዚህ እግርህ አሥራ አንድ ችካል ነቅለህ ተከልክ?»

«እግሬን ማን ሰበረውና ነው የምትሰድበኝ!»

«ገሰሰ፣ ልቀቅ።»

«አንተ ልቀቅ!»

ሊቀመንበሩ «እስቲ አንዳችሁ እንኳ ተዉ፣ ሁለት ጥፋተኛ ለአንድ ጥፋት የት አገኛለሁ!» ብሎ ጠረጴዛውን ደበደበ። ማናችንም አልተውን። ኢንጂነሩ ልጅ መጀመሪያ አፉን በእጁ ያዘ፣ ኋላ መያዝ አቃተው። እስኪያለቅስ ሳቀ። «አባቶቼ» አለ፣ «ችካሉ ቢነቀልም መንገዱ እኮ ወረቀት ላይ ነው ያለው። በማግስቱ መልሰን ተክለነዋል። ግማሽ ቀን ነው ያጠፋችሁብን።» ለግማሽ ቀን ነው ገሰሰ ሁለት ሳምንት ከነቀዝ ጋር የተኛው።

ሊቀመንበሩ እንዲሁ ሊለቀን አልፈለገም። ለመንገዱ ድንጋይ አሥር አሥር ቀን እንድንለቅም ፈረደብን። ለቀምን። ምሳችንን ከአንድ ገበታ በላን፤ በዚህ ጊዜ ያዘዘን ሰው የለም።

(ጸሓፊው፦ አሁንም ይጎትታል።)

ሠላሳ ክንድ ዝቅ ማለት ለምን እንዳልተቻለ ጠይቀሃል። እኔም ያንኑ ኢንጂነሩን ጠየቅሁት። አልተቆጣኝም። ቀስቱ ድረስ አብሮኝ ወጣና ወደ ጋይንት አቅጣጫ ቁልቁለቱን አሳየኝ።

«አባቴ» አለኝ፣ «አንድ ትልቅ የጭነት መኪና እህል ሞልቶ ከዚያ ቁልቁል ይመጣል እንበል። እርስዎ እንዳሉት ዝቅ ብል እዚህ ላይ ጥግ ይገጥመዋል። ምን ይሆናል?»

መልሱን ከእሱ በፊት አውቀዋለሁ። አርባ ዓመት የኖርኩበት ነው። ቢሆንም እስከ ቁልቁለቱ ጫፍ ሄጄ ጥጉን በዓይኔ ለካሁት። እሱም ልጅ ቢሆን አስተዋይ ነው፣ አላጣደፈኝም።

«ጭነቱ ወደ ገደል ያደላል» አልኩት።

«እንግዲህስ?»

«እንግዲህ ይለፍ» አልኩ።

በሕይወቴ ይለፍ ብዬ መንገድ ስለቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

(ጸሓፊው፦ ምስክር ነኝ።)

ግንቦት ሃያ አንድ ቀን አፈረሱት። እኔና ገሰሰ ጉብታው ላይ ቆመን አየን። ከግራም ከቀኝም ድንጋይ ሲያወጡ ወገቡ ቆሞ ነበር። ያቺን የአናቱን ሲያነሷት ነው ሁሉም አንድ ላይ የተቀመጠው። ድምፁ እንደ መውደቅ አልነበረም፣ ሸክም እንደማሳረፍ ነው። ያቺን ድንጋይ ለመንናቸው፣ ሰጡን። በበቅሎ ጭነን ወስደን በእናትህ መቃብር ራስጌ አኖርናት። ጨረሳችሁ ትል ነበር፤ አሁን ጨርሰናል።

የላክኸው ሥዕል ደርሷል። እሱንም ከፍተው አይተውታል፤ ምን ምስጢር እንደፈለጉበት እንጃ። ገሰሰ ቁልቁል ይዞት «ይህ ምኑ ነው?» ሲለኝ ነጥቄ አቃናሁት። እኔ ፊደል ባላነብ መንገድ አነባለሁ። ያን መንገድ ሠርቼው፣ ዕድሜዬን ሙሉ አልፌበት፣ አንድም ቀን ከላይ አይቼው አላውቅም፤ እንዲያ የሚያየው ጭልፊት ብቻ ነው። ሁለቱ መንገዶች ሳይነካኩ ሲተላለፉ አየሁ። ማዞሪያው ጉብታውን ሲዞር አየሁ፤ በሰፊው ሣልከው፣ እግዜር ይስጥህ። ከላይ ሲታይ ቅጠል ነው ለካ። እናንተ አራት አላችሁ፣ እኛ አንድ። ሸክም ማሳረፊያዋንም አልረሳሃት። አስተማሪህ ዳር ላይ በቀይ የጻፈው ምንድን ነው? ገሰሰ «ግዕዝ አይደለም» ብሎ አርፏል። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ ጭስ እንዳያገኘው ከምሰሶው ወዲህ።

አንድ ነገር ግን አልተውኩም። ኢንጂነሩን «ከጉና የሚወርደው ሰውስ በየት ያልፋል?» አልኩት። ከመንገዱ ሥር ለውሃና ለከብት ማለፊያ ቀዳዳ እንደሚተዉ ነገረኝ። ቁመቱን ጠየቅሁት። በሜትር ነገረኝ፣ ገሰሰ ወደ ክንድ መለሰው። ጌጤን በቅሎ ላይ አስቀመጥናትና ጥላ አስዘርግተን በገመድ ለካን። አጠረ። ልጁን ጨምርበት አልኩት። «አባቴ፣ ከዚህ በላይ አልችልም» አለኝ። ፊቱን አየሁት፣ እውነቱን ነው። ድጋሚ ለካን፣ በዚህ ጊዜ ጥላው ታጥፎ። አለፈ። አንድ ስንዝር ተረፈ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። የምትመጣበትን ቀን አልጻፍክም። ገሰሰ «ረስቶት ይሆናል» አለ። አንተ ልክ የምትረሳ ልጅ አይደለህም። ለምን ብዬ አልጠይቅህም፤ እኔም ሃምሳ ዓመት በሆዴ ይዤ ያልነገርኩህ ነገር ነበረ።

ብትመጣ ግን፣ በአዲሱ መንገድ በመኪና አትለፍ። ወርደህ በሥሩ ና። ሚስት ይዘህ ከሆነም፣ የመስኮብም ልጅ ብትሆን፣ እዚያች ቀዳዳ ላይ ስትደርስ ጥላዋን እንድታጥፍ ንገራት። ታጥፎ ይታለፋል።

አባትህ ጓንጉል አስረስ፣ በአውራ ጣቴ።